ማሽኑ ባሕር ሲሻገር ኔትወርኩ ለምን ይቀራል?

ብዙ የጃፓን አርኬድ ማሽኖች ሲበሩ ከሙዚቃውም ከሥዕሉም ቀድሞ ስክሪኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ጨዋታው ለጃፓን ብቻ የተዘጋጀ ነው፣ ከአገሪቱ ውጭ መሸጥም ማጫወትም ክልክል ነው ይላል። ይህ ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ ጥርስ የሌለው አንበሳ ነበር። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጨዋታውን ኤሌክትሮኒክ ቦርድ ከቶኪዮ አስመጥቶ ሎስ አንጀለስ ወይም ለንደን ያለ ሣጥን ውስጥ የገጠመ ነጋዴ ጨዋታውን ምንም ሳይጎድልበት ያገኝ ነበር። ማሽኑ ሳንቲም መግባቱን እንጂ የቆመበትን አገር አያውቅም። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። የተጫዋቹን ስምና ውጤት በካርድ የሚያስታውሰው፣ አዲስ ዘፈንና አዲስ ተፋላሚ በየጊዜው የሚያወርደው፣ የኦሳካውን ልጅ ከሳፖሮው ጋር የሚያጋጥመው የኔትወርክ አገልግሎት የጨዋታው ግማሽ አካል ሆነ። ይህ ግማሽ ከጃፓን ውጭ የሚገኘው በጥቂት አገሮች፣ በእነሱም ውስጥ በተመረጡ አዳራሾች ብቻ ነው።

ለምን? ሰዎች የሚሰጡት መልስ ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። ጃፓኖቹ ለውጭ ተጫዋች ግድ የላቸውም ይባላል፤ ርቀቱ ለኢንተርኔት አይመችም ይባላል፤ ቋንቋው ያግዳል ይባላል። ሦስቱም ጥቂት ጥቂት እውነት አለባቸው፤ የቋንቋው ግን ብዙ አያስኬድም፣ ምክንያቱም እነዚሁ ኩባንያዎች የቤት ጨዋታዎቻቸውን በደርዘን ቋንቋ ሲያወጡ ኖረዋል። የርቀቱንም ቢሆን መዝኖ ማየት ይቻላል። መረጃ ከቶኪዮ ሎስ አንጀለስ ደርሶ ለመመለስ 100 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በሰከንድ 60 ምስል በሚያሳይ የፍልሚያ ጨዋታ ይህ ስድስት ምስል ያህል መዘግየት ነው፤ ቡጢን ለመመከት በቂ ጊዜ ያሳጣል። ውጤት ለመመዝገብ፣ ስም ለማስታወስ፣ አዲስ ዘፈን ለማውረድ ግን 100 ሚሊሰከንድ ምንም አይደለም። ተጫዋቾች ከሁሉ በላይ የሚናፍቁት ደግሞ ይህንኑ ካርዱን ነው። እንግዲህ መልሱ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት፤ እኔ የማገኘው በሽያጭ ውሉ ውስጥ ነው።

አመጣጡን እንይ። ሴጋ በ1990ዎቹ ማብቂያ ባወጣው ደርቢ ኦውነርስ ክለብ በተባለ የፈረስ እሽቅድምድም ጨዋታ ተጫዋቹ ያሳደገው ፈረስ በማግኔት ካርድ ላይ ይመዘገብ ነበር። ካርዱ ራሱ ማኅደር ስለነበር ጨዋታው ያለ ችግር አሜሪካ ገባ። በ2001 የወጣው ቨርቹዋ ፋይተር 4 ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ተጫዋቹ ካርዱን ከሞባይሉ ጋር አገናኝቶ የተፋላሚውን ልብስ ይቀይራል፣ ማዕረጉን ይከታተላል፣ ለዚህም ወርኃዊ ክፍያ ይከፍላል። ይህን ያስቻለው የስልክ ኩባንያው ዶኮሞ በ1999 የጀመረው አይሞድ የተሰኘ የሞባይል ኢንተርኔት ነው፤ በዚያን ጊዜ በሌላ አገር ተጫዋች ኪስ ውስጥ እንዲህ ያለ ስልክ ብርቅ ነበር። በ2002 ደግሞ ኮናሚ ማኅጆንግ ፋይት ክለብ በተባለ ጨዋታ ኢ-አሚውዝመንት የተባለውን ኔትወርኩን ጀመረ። የሴጋው ኦልኔት፣ የታይቶው ኔሲስ፣ የባንዳይ ናምኮው ባናፓስፖርት እየተከታተሉ መጡ። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ሰርቨር፣ የራሱን ካርድ፣ የራሱን ውል ይዞ ስለቆመ የጃፓን ተጫዋች እንኳ ኪሱን በካርድ ሞልቶ ነበር የሚሄደው። አንድ ካርድ ለሁሉም እንዲያገለግል ኮናሚ፣ ሴጋና ባንዳይ ናምኮ ተስማምተው ሥራ የጀመሩት በ2018 ነው። የተዋሐደው ካርዱ ብቻ ነው፤ ሰርቨሮቹ አሁንም ለየብቻ ናቸው። በአገራቸው ውስጥ ለመስማማት ይህን ያህል የፈጀባቸው ኩባንያዎች ለውጭ አገር አንድ የጋራ በር ይከፍታሉ ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ የጥያቄው ልብ ያለው እዚህ ነው። የጃፓን አርኬድ ዋጋ ለአሥርት ዓመታት አንድ የ100 የን ሳንቲም ሆኖ ኖሯል። የሽያጭ ታክስ በ1989 በ3 በመቶ ተጀምሮ በ1997 ወደ 5፣ በ2014 ወደ 8፣ በ2019 ወደ 10 በመቶ ሲወጣ ባለ ሱቁ ሁሉ ዋጋውን አስተካከለ። የአርኬድ ባለቤት ግን 100 የን የሚቀበለውን የሳንቲም መግቢያ 110 እንዲቀበል ማድረግ አልቻለም፤ ታክሱን ከኪሱ ከፈለ። አዳራሾቹ እየደኸዩ ሲሄዱ ውድ ማሽን በአንድ ጊዜ የመግዛት አቅማቸው መነመነ። አምራቾቹ ያገኙት መፍትሔ ማሽኑን በርከስ ባለ ዋጋ ሰጥቶ፣ ከእያንዳንዱ ጨዋታ ላይ ድርሻ መውሰድ ነበር። ታይቶ በ2010 የጀመረው ኔሲካ ክሮስ ላይቭ ብዙ ጨዋታዎችን በኔትወርክ ወደ አንድ ሣጥን የሚያወርድ ሲሆን የሚከፈለውም በተጫወቱት መጠን ነው። በዚያው ዓመት ኮናሚ ፓሴሊ የተባለ የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ አመጣ፤ በእሱ ሲከፈል ዋጋው ከሳንቲሙ እስር ወጥቶ 120 የንም ሊሆን ይችላል።

የአዲስ አበባ የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት ዲስኩን አንዴ ከገዛ በኋላ በየጨዋታው የሚሰበስበው ብር ሁሉ የእሱ ነው፤ የጃፓኑ አርኬድ ባለቤት ከእያንዳንዱ ሳንቲም ላይ ለአምራቹ የሚያካፍል ሽርክና ውስጥ ገብቷል። ሰርቨሩ እንግዲህ ለተጫዋቹ መዝናኛ ብቻ የተተከለ አይደለም። ስንት ጊዜ እንደተጫወቱ የሚቆጥረው ቆጣሪ፣ ድርሻውን የሚሰበስበው ገንዘብ ያዥ፣ ውል የሌለውን ማሽን የሚዘጋው ቁልፍ እሱ ነው። ይህ ሲታወቅ ጥያቄው ራሱ መልኩን ይቀይራል። ኔትወርክን ወደ ውጭ መላክ ማለት መስመር መዘርጋት ሳይሆን፣ ድርሻ የሚያስገባ፣ በሕግ የሚጠየቅ፣ ማሽኑን የሚጠግን፣ የደንበኛውን መረጃ የሚጠብቅ ሸሪክ ማግኘት ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ሸሪክ የተገኘበት ቦታ ኔትወርኩም ተከትሎ ሄዷል። አሜሪካን እንውሰድ። ራውንድ ዋን የተባለው የኦሳካ ኩባንያ በ2010 የመጀመሪያውን የአሜሪካ ቅርንጫፉን ከሎስ አንጀለስ ወጣ ብላ በምትገኘው ሲቲ ኦፍ ኢንደስትሪ ውስጥ በሚገኝ የገበያ ማዕከል ከፈተ፤ ዛሬ በአሜሪካ ያሉት ቅርንጫፎቹ ሃምሳ ገደማ ደርሰዋል። የኮናሚ የሙዚቃ ጨዋታዎች ከነኔትወርካቸው አሜሪካ መደላደል የጀመሩት በእነዚህ አዳራሾች ነው። ነገሩን በጥሞና ላየው፣ አገልግሎቱ ባሕር የተሻገረው ባሕር የተሻገረ የጃፓን ደንበኛ ስለነበረው ነው። በ2016 ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን ኤ ከነካርዱ ሲመጣ ዴቭ ኤንድ በስተርስም ተቀበለው፤ እሱም በብዙ ግዛቶች ቅርንጫፍ ያለው፣ አንድ ፊርማ ብዙ ከተማ የሚከፍትለት ድርጅት ነው።

በአንጻሩ ብቻውን የቆመ የአርኬድ ባለቤት አለ። ከቺካጎ አጠገብ በብሩክፊልድ የሚገኘው ጋሎፒንግ ጎስት በመቶዎች የሚቆጠሩ ማሽኖች የሰበሰበ፣ በአፍቃሪዎች ዘንድ ስሙ የገነነ ቤት ነው። ደንበኛው በር ላይ አንድ ጊዜ ይከፍላል፣ ከዚያ እስኪደክመው ሳንቲም ሳያስገባ ይጫወታል። ብዙ የአሜሪካ አርኬዶችና የጨዋታ መጠጥ ቤቶች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። በየጨዋታው ድርሻ ለሚቆጥር ሰርቨር ይህ ቤት ምን ያህል መክፈል እንዳለበት ግልጽ አይደለም፤ ሳንቲም የለም፣ የሚካፈል ነገር የለም። ፍቅር ያለው ባለቤት ሁሉን አሟልቶ ቢጠይቅ እንኳ የሁለቱ ሒሳብ አይገጥምም። ብዙ ሰው የኩባንያዎቹን ዝምታ ንቀት አድርጎ ያየዋል። እኔ ሳየው ዝምታው የሚመነጨው ከዚህ አለመግጠም ነው፤ ዝምታውን ትክክል ባያደርገውም።

ደቡብ ኮሪያ ደግሞ ሌላ ትምህርት አላት። በ2006 ባዳ ኢያጊ በተባለ የቁማር ማሽን የተነሣ አገር ያናወጠ ቅሌት ፈነዳ። መንግሥት ሕጉን አጠበቀ፣ ጨዋታዎችን የሚመረምር አካል አቋቋመ፣ ይዘቱ በተለወጠ ቁጥር ማሳወቅም ግዴታ ሆነ። በየጊዜው ለሚታደስ የኔትወርክ ጨዋታ ከዚህ የባሰ አቀበት የለም። ሆኖም ኮሪያ ከጃፓን ውጭ የኮናሚን ኔትወርክ ቀድመው ካገኙት አገሮች አንዷ ነች፤ ዩኒያና የተባለ አከፋፋይ ምርመራውንም፣ ክፍያውንም፣ ጥገናውንም ተሸክሞ ስለቆመ። ሕግ የከበደበት አገር አገልግሎቱን ሲያገኝ ሕግ የላላበት ሲያጣ የምናየው ለዚህ ነው።

በሆንግ ኮንግ፣ በታይዋንና በሲንጋፖር የሴጋው የሙዚቃ ጨዋታ ማይማይ ዓለም አቀፍ ቅጂ አለ፤ የባንዳይ ናምኮው የመኪና እሽቅድምድም ማክሲመም ቱን ደግሞ እስከ ኢንዶኔዥያና አውስትራሊያ ዘልቋል። ሁለቱም ከጃፓኑ ተለይቶ በቆመ ዓለም ውስጥ የሚጫወቱ፣ ዘግይተው የሚታደሱ ናቸው። ቻይና ላይ ልዩነቱ ይብሳል። ሴጋ እዚያ የሚሠራው ዋላፕ ከተባለ የጓንግዡ ኩባንያ ጋር ሲሆን የማይማይ ተጫዋች በካርድ ፋንታ በዊቻት በሚያወጣው ኪውአር ኮድ ይገባል። ከ2017 ወዲህ የቻይና የሳይበር ደኅንነት ሕግ በመረጃ ማከማቻ ላይ ጥብቅ ስለሆነ አገር ውስጥ ያለ ሸሪክ አማራጭ የለውም። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ሕግም በ2018 ሥራ ላይ ሲውል፣ የተጫዋችን ስምና ልማድ ሰርቨር ላይ የሚያኖር ማንኛውም ኩባንያ አዲስ የወረቀት ሥራ መጣበት። ገበያው ጠባብ በሆነበት አህጉር ያን ሸክም የሚያነሣ አከፋፋይ ማግኘት ይከብዳል።

የሙዚቃው መብት ለብቻው ሊታይ ይገባል፤ ምክንያቱም ወደ ውጭ እንዲወጡ በብዛት የሚጠየቁት የሙዚቃ ጨዋታዎች ናቸው። ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን በ1998 ሲወለድ ብዙ ዘፈኖቹን ያገኘው ቶሺባ ኢኤምአይ ጃፓን ውስጥ ከሚያወጣው ዳንስማኒያ ከተባለ የዳንስ ሙዚቃ ስብስብ ነው። ከዘፈኖቹ ብዙዎቹ በአውሮፓ የተቀረጹ ናቸው፤ ፈቃዱ ግን ለጃፓን ነበር። ጨዋታው ዳንሲንግ ስቴጅ በሚል ስም አውሮፓ ሲገባ የዘፈን ዝርዝሩ ተቀይሮ ነበር። የሙዚቃ ፈቃድ በአገር ድንበር የሚከፋፈል ነገር ነው። ጃፓን ውስጥ የደራሲዎችን መብት በአብዛኛው ጃስራክ የተባለው ማኅበር በአንድ ማዕከል ይዞ ስለሚያስተዳድር ለጨዋታ ሠሪ ሥራው ቀላል ነው። ድንበር ሲሻገሩ የቅጂው ባለቤት፣ የግጥሙ ባለቤት፣ አሳታሚው እየተለያዩ ይመጣሉ።

በድሮው አሠራር ይህ ጣጣ አንድ ጊዜ የሚያልቅ ነበር። በዝርዝሩ ላይ ይደራደራሉ፣ ያልተፈቀደው ይወጣል፣ ማሽኑ ይላካል። ኔትወርኩ ከመጣ ወዲህ ግን አዲስ ዘፈን ሳያቋርጥ ይፈስሳል። ከአኒሜ የተወሰደው፣ ቮካሎይድ በተባለው የድምፅ ሶፍትዌር የተዘፈነው፣ ከታዋቂ ዘፋኝ የተገኘው ሁሉ በየመጣበት ጊዜ ለየአገሩ እንደገና መጠየቅ አለበት። አንዳንዱ ይፈቀዳል፣ አንዳንዱ ጊዜው አልፎ ይነሣል። የማይማይ ዓለም አቀፍ ቅጂ ከጃፓኑ ያነሱ ዘፈኖች ያሉት በዚህ የተነሣ ነው። የጨዋታው ሕይወት አዲስ ዘፈን ከሆነ፣ ፈቃዱም ሁልጊዜ ያላለቀ ሥራ ሆኖ ይኖራል።

አንድ ትንሽ የሚመስል፣ ግን ብዙ የሚናገር ነገር ልጨምር። የጃፓን የመዝናኛ ቤቶች ሕግ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከተሻሻለ ጀምሮ አርኬዶች ከእኩለ ሌሊት በኋላ ክፍት ሆነው አያድሩም። ስለዚህ ኮናሚ ሰርቨሮቹን የሚያድሰው በጃፓን ንጋት ላይ፣ አዳራሹ ሁሉ በተዘጋበት ሰዓት ነው። የካሊፎርኒያ ሰዓት ሲታይ ያ ቀትር ገደማ ነው። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ከጓደኞቹ ጋር አዳራሽ የገባ አሜሪካዊ ወጣት ካርዱ የማይሠራው ቶኪዮ ስላልነጋ ነው። የአንድ አገር የመዝናኛ ቤቶች ሕግ፣ ያውም የሰዓት ገደብ፣ በሌላ አገር ከሰዓት ላይ ሲያርፍ ማየት ይህ አሠራር ከሥሩ ለአንድ አገር እንደተቀረጸ ያሳያል።

ይህ ሁሉ በተጫዋቾች ላይ ምን አስከተለ? ስትሪት ፋይተር 4 በ2008 የጃፓን አዳራሾችን ሲያጥለቀልቅ የአሜሪካ ባለ አርኬዶች ቦርዱን በራሳቸው ወጪ አስመጡ፤ ጨዋታው ሠራ፣ ካርዱ አልሠራም። ተከን 7 በ2015 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ ከተማን ከከተማ በኔትወርክ የሚያፋልም ነበር። የቀረው ዓለም ጨዋታውን በቤቱ ያገኘው በ2017 ነው። የጃፓንና የኮሪያ ተጫዋቾች ሁለት ዓመት ያህል ቀድመው ሠለጠኑ። ሆኖም በ2019 ከፓኪስታኗ ላሆር የመጣው የተከን ተጫዋች አርስላን አሽ ኢቮ በተባሉት የፍልሚያ ጨዋታ ውድድሮች፣ በመጀመሪያ በኢቮ ጃፓን፣ ቀጥሎ ላስ ቬጋስ ላይ በተካሄደው ኢቮ አሸነፈ። የጃፓን ካርድ ባልደረሰበት አገር፣ በጠባብ የጨዋታ ቤቶች ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው የሚፋለሙ ወጣቶች ማንም ያልገመተው ደረጃ ላይ ደርሰው ነበር። ኔትወርኩ ባለመድረሱ የጎደለው ችሎታ አይደለም፤ የጎደለው መዝገብና መታወቅ ነው። ላሆር ውስጥ ምን እየበሰለ እንደነበር የሚያሳይ የደረጃ ሰንጠረዥ አልነበረም።

ሌላ መንገድ እንደነበረ የሚያሳየው ኮሪያዊው የዳንስ ጨዋታ ፓምፕ ኢት አፕ ነው። አንዳሚሮ የተባለው ሠሪው ተጫዋቹ ማኅደሩን በዩኤስቢ ፍላሽ ይዞ እንዲዞር ፈቀደ። ፍላሽ ሸሪክ አይፈልግም፣ ውል አይጠይቅም፣ ንጋት ጠብቆ አይዘጋም። ጨዋታው በሜክሲኮ፣ በብራዚልና በፔሩ ሥር የሰደደው የኮናሚ ካርድ ባልታሰበበት ምድር ነው። አሜሪካ ውስጥም በ2004 የወጣው ኢን ዘ ግሩቭ ያንኑ ፍላሽ ተጠቀመ። ኮናሚ በ2005 ሠሪውን ሮክሶር ጌምስን ከሰሰ፣ በቀጣዩ ዓመት በስምምነት የጨዋታውን መብት ራሱ ወሰደው። ያን ጊዜ የውጭው ተጫዋች ምን እንደሚፈልግ ከዚያ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ በእጁ አልነበረም፤ ባለማንበቡ አዝናለሁ።

ክፍተቱን የሞሉት ሌሎች ናቸው። ከአዳራሽ ያፈተለኩ ቅጂዎች፣ አፍቃሪዎች በራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው ያልተፈቀዱ ሰርቨሮች በብዙ አገር አሉ። ሕገወጥ ናቸው፤ የዘፈን ደራሲውም የጨዋታ ሠሪውም ድርሻ በእነሱ በኩል አይደርስም። አምራቾቹ ቁልፉን ይበልጥ የሚያጠብቁትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ባጠበቁ ቁጥር ደግሞ በሕጋዊ መንገድ መጫወት የሚፈልገው የውጭ ተጫዋች ይበልጥ ይርቃል። የእነዚህን ሰርቨሮች ሥራ አልደግፍም። ነገር ግን ካርድ ለመግዛት ገንዘቡን ይዞ የቆመ ሰው የሚሸጥለት ማጣቱን እንደ ትንሽ ነገር ማለፍም አልችልም።

ለወደፊቱ ብዙ ተስፋ የሚሰጥ ምልክት አይታይም። በጃፓን ፖሊስ መዝገብ መሠረት በ1986 ከ26,000 በላይ የነበሩት የጨዋታ አዳራሾች በ2019 ወደ 4,000 ወርደዋል። ሴጋ ራሱ በ2020 መጨረሻ የአዳራሽ ንግዱን አብዛኛውን ድርሻ ጄንዳ ለተባለ ኩባንያ ሸጦ በ2022 ጨርሶ ወጣ። የቀሩት አዳራሾች ከግማሽ በላይ ገቢ የሚያገኙት አሻንጉሊት በመንጠቆ ከሚያነሡት ማሽኖች ነው፤ ጄንዳም አሜሪካ ውስጥ የሚያስፋፋው እነዚህኑ ነው። ለእነሱ የዘፈን ፈቃድም የተጫዋች ማኅደርም አያስፈልግም። ገንዘቡ ወደዚያ ሲያዘነብል፣ ለሙዚቃና ለፍልሚያ ጨዋታዎች አዲስ አገር ለመክፈት የሚመደበው ጉልበት ይቀንሳል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሰርቨሩ የሚሞትበት ቀን ነው። ቦርደር ብሬክ የተባለው የኔትወርክ ጨዋታ በ2009 ተጀምሮ በ2019 የአርኬድ አገልግሎቱ ተዘጋ። ተጫዋቾች በየጉልላታቸው ውስጥ ተቀምጠው የሚዋጉበት ሴንጆ ኖ ኪዙና የተባለው የጉንዳም ጨዋታ በ2006 ተጀምሮ በ2021 አበቃ። በ1980ዎቹ የተሠራ ቦርድ ዛሬም ብሩክፊልድ ውስጥ ይሠራል፤ እነዚህ ግን ማሽናቸው ደህና ሆኖ ሳለ ጨዋታቸው ጠፋ። አገልግሎቱ ባሕር ባይሻገር ምክንያቱን ተረድቻለሁ፤ ሸሪክ፣ ፈቃድ፣ ሒሳብ፣ ሕግ ነው። ሲዘጋ ማሽኑን ይዞ መሞቱ ግን ከእነዚህ አንዱም አያስገድደውም፤ ተከራይ ሲወጣ ቤቱ እንዲፈርስ ውል ውስጥ መጻፍ ነው። ስለዚህ ኩባንያዎቹን የምጠይቀው ጠባብ ነገር ነው። አገልግሎቱ በሚዘጋበት ቀን ማሽኑ ያለ ሰርቨር እንዲከፈት የሚያደርግ የመጨረሻ ማሻሻያ ይላክ፤ ይህም ከመጀመሪያው በሽያጭ ውሉ ይጻፍ። ራውንድ ዋንና ዴቭ ኤንድ በስተርስ ይህን ለመጠየቅ የሚበቃ ጉልበት አላቸው፤ የሚቀጥለው ውል ሲታደስ ማንሣት ይችላሉ።